ጎርፍና ቦይ፤ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ፊልሞች ለምን ይከስራሉ?

ለገጣሚ እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል። ሠዓሊ ሸራና ቀለም፣ አዝማሪ ማሲንቆና ጉሮሮ ካለው ሥራውን ይጀምራል። ፊልም ሠሪ ግን አንዲት ምስል ከማሳየቱ በፊት ካሜራ መከራየት፣ መብራት ማቆም፣ ተዋናይ መቅጠር፣ ሠራተኛ ማብላት፣ መኪና ነዳጅ መሙላት አለበት። ለዚህም ነው በአገራችን የፊልም ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ «በጀት የለንም» የሚለው ሮሮ የሚሰማው። ሮሮው ሐሰት አይደለም። ሆኖም ከጀርባው ያልተመረመረ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ ከተገኘ ተመልካቹ በራሱ ጊዜ ይከተላል የሚለው ነው።

የሲኒማ ታሪክ ለዚህ እምነት አይመሰክርም። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ፊልሞች በትኬት መስኮት ፊት የወደቁበት፣ ሠሪዎቻቸውን ብቻ ሳይሆን ኩባንያዎቻቸውን ጭምር ይዘው የወደቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ለመሆኑ ይህ ለምን ይሆናል?

ጥያቄውን የማነሳው በተወለድኩበት በቆቦ ቆሜ ነው። አንባቢ «ቆቦንና ሆሊዉድን ምን አገናኛቸው?» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን የራያ ቆላ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ምስክሮች አሉት። አንደኛው ገበሬው ነው፤ ብዙ ነገር መጥቶ ጥቂት ነገር የሚቀርበትን ምክንያት ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለተኛው ካሜራው ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ምስሎች ሁሉ ዓለምን ይበልጥ ያናወጡት እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ በጥቂት ወጪ የተነሡ ናቸው። በሁለቱ ምስክሮች እየታገዝን እንመርምረው። የውጭውን ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እየጠራሁ እሄዳለሁ።

የጎርፉ ሒሳብ

ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በምዕራብ ከላስታ በኩል በሚወርዱት ተራሮችና በምሥራቅ በዞብል ሰንሰለት መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሜዳው ለም ነው፤ ዝናቡ ግን አይታመንም። ስለዚህ የራያ ገበሬ በገዛ ሰማዩ ላይ ብቻ ተስፋ አይጥልም፤ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ እስኪወርድለት ይጠብቃል። ቀን ደረቅ አሸዋ የነበሩት እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ማታ ደርሰው ያገሣሉ። ገበሬው ውኃውን በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ፣ ከዋናው ቦይ ወደ ትንንሽ ቦዮች ከፋፍሎ፣ ማሽላው ሥር ያደርሰዋል።

አንድ ክረምት ጎርፉ ከወትሮው ገዝፎ ሲመጣ አይቼ አጎቴን፣ «ዘንድሮስ አንቱ፣ ማሽላው ሊያምር ነው!» አልኳቸው። እርሳቸውም ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ጎርፍ በትልቅነቱ አይመሰገንም። የኛ የሚባለው ቦያችን የቻለው ነው። ሌላው አፈራችንን ይዞ የሚሄድ ነው» አሉኝ።

ይህ አነጋገር ለፊልም ንግድ ቃል በቃል ይሠራል። ገንዘቡ ጎርፍ ነው። ቦዩ ደግሞ ፊልሙን ወደ ተመልካች፣ የተመልካቹን ገንዘብ ወደ ፊልሙ የሚያደርሰው መንገድ ነው፤ አዳራሹ፣ አከፋፋዩ፣ ማስታወቂያው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ይህ የእኔ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ልብ ነው።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። አንድ ፊልም በመቶ ሚሊዮን ዶላር ተሠራ እንበል። ብዙ ሰው መቶ ሚሊዮን ሲያስገባ ወጪውን የመለሰ ይመስለዋል። አይደለም። በትኬት መስኮት ከሚሰበሰበው ገንዘብ፣ ስምምነቱ ከአገር አገርና ከፊልም ፊልም ቢለያይም፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ለአዳራሹ ባለቤት ይቀራል። ማስታወቂያው ከመሥሪያው ገንዘብ ውጭ የሚታሰብ ሌላ ወጪ ነው። የብድሩ ወለድ ደግሞ ፊልሙ ይታይ አይታይ ይቆጥራል። ስለዚህ መቶ ሚሊዮን የፈጀ ፊልም ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ ካልሰበሰበ ከዕዳ አይወጣም። ወጪው በእጥፍ ባደገ ቁጥር ሊመጣ የሚገባው ሕዝብ በሚሊዮን እያደገ ይሄዳል። ሕዝቡ ግን በጀቱ አደገ ተብሎ አይወለድም።

የሆሊዉድ አፈር

«ክሊዮፓትራ» የተባለው ፊልም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1960 ለንደን አጠገብ ሲጀመር የታሰበለት ወጪ ጥቂት ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ ዋናዋ ተዋናይ ኤልዛቤት ቴይለር በጠና ታመመች። ዳይሬክተሩ ሩበን ማሙልያን ለቆ ጆሴፍ ማንኪዊች ተተካ። በእንግሊዝ ብርድና ዝናብ መካከል የቆመው የእስክንድርያ ከተማ ተትቶ ሮም ላይ እንደገና ተሠራ። በመጨረሻ ወጪው ሁሉ ሲደመር ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በ1963 ፊልሙ ሲወጣ ሕዝቡ አልናቀውም፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከፍተኛውን ገቢ ያስገኘው እርሱ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከሰረ! ወጪው ሊመለስ የቻለው ከዓመታት በኋላ የቴሌቪዥን መብቱ ሲሸጥ ነው። በዓመቱ አንደኛ የወጣ ፊልም ከከሰረ፣ ጥፋቱን ተመልካቹ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ታዲያ መሐል ላይ የሚያስቆም ሰው እንዴት ጠፋ? «ይህን ያህል ካወጣንበት በኋላ እንዴት እንተወዋለን?» የሚለው አነጋገር የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። የታመመ በሬውን ለማዳን የበሬውን ዋጋ እጥፍ የጨረሰ ገበሬ በቆቦ ገበያም አለ። የወጣው ገንዘብ የሚወጣውን ይጎትታል።

«የሰማይ በር» በሚል ትርጉም ልንጠራው የምንችለው የማይክል ቺሚኖ ፊልም ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ቺሚኖ ከዚያ በፊት በሠራው ፊልም ኦስካር ተሸልሞ ስለነበር ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው ኩባንያ ልጓሙን ለቀቀለት። ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የታሰበው ሥራ ወደ 44 ሚሊዮን ተጠጋ። በኅዳር 1980 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሲታይ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ነበር፤ በሳምንቱ ከአዳራሽ ወረደ። ተቆርጦና አጥሮ በ1981 ቢመለስም አሜሪካ ውስጥ የሰበሰበው ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት ቻርሊ ቻፕሊንና ጓደኞቹ በ1919 የመሠረቱት ኩባንያ ተሸጠ። በ1995 የወጣው የባሕር ወንበዴዎች ፊልም «ካትስሮት አይላንድ» ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ካሮልኮ የተባለው ኩባንያ ፊልሙ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ነው የኪሳራ አቤቱታውን ለፍርድ ቤት ያቀረበው። ፊልሙ ሲመጣ ባለቤቱ አልነበረም።

ከቅርቡ ዘመን አንድ ልጨምር። ዲዝኒ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ጆን ካርተር» ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። በመላው ዓለም የሰበሰበው ከዚህ በላይ ቢሆንም፣ ኩባንያው ገና ፊልሙ አዳራሽ ሳለ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ እንደሚጠብቀው አስታወቀ። ከላይ ያልነውን የግማሽ ሒሳብ እዚህ ላይ ማየት ይቻላል። የሚገርመው ግን ስሙ ነው። ታሪኩ ወደ ማርስ ስለሄደ ሰው ነው፤ ማርስ የሚለውን ቃል ከርእሱ አወጡት፤ ሁሉንም ሰው ለማስደሰት ብለው ማንንም የማይጠራ ስም አስቀሩ። በዚህ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ሽማግሌውንም ሕፃኑንም፣ ቻይናዊውንም ብራዚላዊውንም ማስደሰት ግዴታው ይሆናል። ሁሉንም የሚያይ ዓይን ደግሞ አንዱን ለይቶ አያይም።

እርግጥ በብዙ ገንዘብ ተሠርቶ ያተረፈ ሞልቷል። «ታይታኒክ» በ1997 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ በመሆኑ ብዙዎች ውድቀቱን ሲጠብቁ ነበር፤ የዘመኑን የገቢ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሳፈራቸው። በርካሽ ተሠርተው የወደቁትም ከቁጥር በላይ ናቸው፤ ልዩነቱ የእነርሱ አወዳደቅ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። እንግዲህ «ገንዘብ ፊልም ይገድላል» ማለቴ አይደለም። ገንዘብ ቦዩን ሊተካ አይችልም ማለቴ ነው።

ሁለት ካሜራዎች በአንድ አገር

የገንዘብ ብዛትና የተመልካች ዓይን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማየት ከ1965 እና ከ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በ1973 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓይነት የውጭ ፊልሞች ከኢትዮጵያ ወጡ። አንደኛው ኤም ጂ ኤም የተባለው ታላቅ የሆሊዉድ ኩባንያ ያሠራው «ሻፍት በአፍሪካ» ነው። ጥቁሩ መርማሪ ሻፍት በሁለት ፊልሞች ኒውዮርክ ላይ ዝናን ካተረፈ በኋላ፣ ኩባንያው ወጪ ጨምሮ ተዋናዩን ሪቻርድ ራውንድትሪን ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ያገራችን መልክአ ምድር ተቀረጸ፤ ጠብና ሩጫው ደመቀ። ነገር ግን ገቢው ከቀደሙት አነሰና የሲኒማው ተከታታይ በዚያው ተቋረጠ፤ ሌላ የሻፍት ፊልም እስኪሠራ 2000 እ.ኤ.አ. ደረሰ። የሻፍት ተመልካች ሻፍትን የወደደው በገዛ ሰፈሩ፣ በሃርለም ጎዳና ላይ ስላየው ነበር። ኩባንያው ቦታውን አሰፋለት፤ ሰፈሩን ግን ወሰደበት።

ሁለተኛው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ዘገባ ነው። ዲምብልቢ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ወሎ ገብቶ ያነሣው፣ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠው «ያልታወቀው ረኃብ» በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የታነጸ ከተማ የለበትም፤ የተከፈለው ተዋናይ የለም። የእንግሊዝ ሕዝብ ግን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ዓመት ሳይሞላ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ትዕይንቶች ጋር አዳቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። አንድ ፊልም ብቻውን ዙፋን ገለበጠ የሚል ጅል አይኖርም፤ ሠራዊቱ፣ ተማሪው፣ የታክሲ ነጂው አድማ ቀድሞ ነበር። ያም ሆኖ ደርግ በዚያች ሌሊት ከታንክ በፊት የላከው ፊልም መሆኑ መታወስ አለበት።

ታሪክ ይህንኑ በአሥር ዓመቱ ደገመው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ከደጃችን። መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ አከበረ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያገዙበት፣ አዲስ አበባ በቅስትና በባንዲራ፣ በሰልፍና በትርኢት ያሸበረቀችበት በዓል ነበር። በዘመናችን እንደዚያ የተደከመለት ትርኢት ጥቂት ነው፤ ታስቦ የነበረውም ዓለም እንዲያየው ነበር። ዓለም ግን ያየው ሌላ ነገር ሆነ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረምና ከመቀሌ ያመጡት፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ዘገባ በለንደን ተላለፈ፤ ከዚያም በመላው ዓለም በመቶዎች በሚቆጠሩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዞረ። የዚያኑ ዓመት የገና ዘፈን፣ በሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት የወለደው እርሱ ነው።

ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ከአላማጣ በግራካሶ ጠመዝማዛ ወደ ደጋው ሲወጣ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ሜዳ ላይ ከተኙት መካከል ከዋግና ከላስታ የመጡ ነበሩ፤ ከራያ ቆላ፣ ከአላማጣና ከቆቦ ዙሪያ ዳገቱን ወጥተው የደረሱም ነበሩ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላል ያገሬ ሰው። የሚሊዮኖች ብር ትርኢት ያላመጣውን ዓይን የሰባት ደቂቃ እንባ አመጣው።

«ዜና ትኬት አይሸጥም፤ ፊልምና ዜና ምን ያገናኛቸዋል?» የሚል አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። የዜናን ሥራ ከልብ ወለድ ጋር ላወዳድር አልፈለግሁም፤ የሰው ረኃብም የስኬት መለኪያ ሊሆን አይገባውም። ማሳየት የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ዓይኑንና ገንዘቡን የሚሰጠው ለወጣው ወጪ አይደለም። ሰው የሚሰጠው አንድን ፊት ለይቶ ሲያይና «ይህስ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

የእኛ ፊልም፣ የእኛ ቦይ

አሁን ወደ ራሳችን ሲኒማ እንምጣ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙሉ ፊልም እየተባለ የሚጠራው «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ገደማ የወጣ፣ ኢላላ ኢብሳ የጻፈውና ያሠራው፣ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ያዘጋጀው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በ35 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ ነበር። ያን ጊዜ ጥሬ ፊልሙ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ በመሆኑ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ባለሀብት ከባድ ሸክም ነበር። ፊልሙ ወጪውን መመለስ አልቻለም፤ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ለረጅም ዘመን በባንክ እጅ ቆየ። እስቲ አስቡት! የአገሪቱ የመጀመሪያ ፊልም የኖረው በተመልካች ትዝታ ውስጥ መሆን ሲገባው፣ በመያዣ መዝገብ ውስጥ ሆነ።

የወደቀው መጥፎ ስለነበረ ነውን? ጥያቄው ይህ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን አዲስ አበባና አሥመራ አዳራሽ ነበራቸው፤ ሌላው አገር ግን አብዛኛው በገጠር የሚኖር ሕዝብ ነበር። ፊልሙ ሊሄድበት የሚችለው ቦይ ከጥቂት አዳራሾች አይበልጥም። በጥቂት አዳራሾች በኩል ከሚመለሰው ገንዘብ በላይ ያወጣ ሰው፣ ሥራው ወርቅ ቢሆንም ይከስራል። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. አካባቢ ሲመጣ ደግሞ አገሪቱ ራሷ በአብዮት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የአገራችን የፊልም ሽልማት በስሙ የሚጠራው ፊልም አዳራሽ የገባው ሕዝቡ ጎዳና ላይ በነበረበት ጊዜ ነው።

ከዚያ መንግሥት ራሱ ፊልም ሠሪ ሆነ። የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ከሠራቸው መካከል የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» በ1984 ዓ.ም. ገደማ ወጣ። ኮርፖሬሽኑ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘጋ። መንግሥት ጎርፍ ሊለቅ ይችላል፤ ቦይ መቆፈር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነገሩ ከማይጠበቅ ወገን ተለወጠ። በ1995 ዓ.ም. አካባቢ የታጠቅ ካሳ «ጉዲፈቻ» እና የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጸው አዲስ አበባ አዳራሽ ገቡ። የምስሉ ጥራት ከ35 ሚሊ ሜትሩ ጋር አይወዳደርም። ሕዝቡ ግን ተሰለፈ፤ ቋንቋው የራሱ፣ ሰፈሩ የራሱ፣ በሽታውና ፍቅሩም የራሱ ነበርና። በ1999 ዓ.ም. የአድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ» ያስገኘው ሳቅ የተገዛው በብዙ ገንዘብ አልነበረም። ወጪው ከቦዩ ስፋት ጋር ተመጣጠነና የአገር ውስጥ ፊልም የሚባል ንግድ ተወለደ።

አግዳሚው ላይ ያልተቆጠረው

ያ ንግድ ግን ከዋና ከተማዋ ብዙም አልራቀም። እኔና የቆቦ እኩዮቼ ሲኒማን ያወቅነው በቪዲዮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ መስኮት፣ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና ዴክ፣ በኋላ ደግሞ የቪሲዲ ማጫወቻ። መግቢያው አንድ ብር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሣል፤ የጄኔሬተሩ ድምፅ ከፊልሙ ይበልጥ ይሰማል፤ ማንም ግን አይወጣም። ዋናውን ሰው «አክተሩ»፣ ጠላቱን «ቦሱ» እንለዋለን። አክተሩ አይሞትም፤ ከሞተ ብራችን ይመለስ የሚል ጠብ ይነሣል።

በዚያ አግዳሚ ላይ የታዘብኩት ነገር ከመጽሐፍ ካነበብኩት ይበልጥብኛል። የትኛው ፊልም ስንት እንደፈጀ የሚያውቅ አልነበረም። መንኮራኩር በመንኮራኩር ላይ የሚፈነዳበት የሆሊዉድ ፊልም ሲታይ ኋላ የተቀመጡት ስለ ከብት ዋጋ ያወራሉ። እናቱ የተገፋችበት የሕንድ ልጅ ሲመጣ ግን፣ ቋንቋውን የሚሰማ አንድ ሰው ሳይኖር፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጸጥ ይባላል። ከጎኔ የሚቀመጡ ትልልቅ ሰዎች አርፍደው ሲገቡ የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የማን ልጅ ነው? ምን በደሉት?» ይላሉ። «ታይታኒክ» በቪዲዮ ቤቱ ደጋግሞ የታየው መርከቡ ውድ ስለሆነ አልነበረም፤ የድኃው ልጅ በረዶ ውኃ ውስጥ ሆኖ ሳንቃውን ለልጅቷ መተዉ የቆቦን ጎልማሳ ስላስለቀሰው ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች የመለሰ ፊልም የቱንም ያህል ቢያወጣ ሰው ያገኛል።

አሳዛኙ ክፍል ግን ከዚህ ይቀጥላል። በዚያ አግዳሚ ላይ የከፈልነው ብር አንድም ፊልም ሠሪ ዘንድ አልደረሰም። ካሴቱ የተቀዳ ነበር። በየወረዳው ከተማ እንዲህ ያሉ ቤቶች ነበሩ፤ በየቤቱ በየቀኑ ብር ይሰበሰብ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ፊልም ሠሪው «ተመልካች ጠፋ፣ ከሰርኩ» ይል ነበር። ተመልካቹ አልጠፋም። ወደ እርሱ የሚያደርስ ቦይ ስላልተቆፈረ ጎርፉ በጎን አለፈ። የራያ ሰው ፊቱን ለዓለም ካሜራ ሁለት ጊዜ ሰጥቷል፤ በተመልካችነት የቆጠረው ግን አልነበረም።

ቦይ መቆፈር እንደሚቻል ያሳየን አንድ የአገራችን ሰው አለ። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን የባርነት ዘመን ፊልም በ1993 እ.ኤ.አ. ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም አሉት። እርሱና ባለቤቱ ሽርክያና አይና የመረጡት መንገድ አዳራሽ በገዛ ገንዘብ መከራየት ነበር። በዋሽንግተን ጀምረው ከከተማ ከተማ፣ ጥቁር አሜሪካውያን በሚኖሩበት ሁሉ፣ በማኅበራትና በቤተ ክርስቲያናት በኩል ወሬውን እያደረሱ ዞሩ። ሕዝቡ መጣ፤ ፊልሙም ለብዙ ሳምንታት ታየ። ኃይሌ የሆሊዉድን ገንዘብ አላገኘም፤ ያገኘው ለማን እንደሚሠራ ማወቅን ነው። በኋላ «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ፣ በዓመቱ ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ እስኪሸለም ድረስ ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጅቶበታል። ትዕግሥቱም ቦይ ነበር።

ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ ቀርቶ ስልኩ መጥቷል። የአማርኛ ፊልሞች ዩቲዩብ ላይ ተጭነው ከቆቦ እስከ ቶሮንቶ ይታያሉ፤ ከማስታወቂያው ጥቂትም ቢሆን ለባለቤቱ ይመለሳል። ቦዩ ከዱሮው ሰፍቷል፤ በዚያው መጠን ደግሞ ትልቅ ገንዘብ ፍለጋው በርትቷል። የዐድዋን ጦርነት፣ የ1935 ዓ.ም.ን የራያና የትግራይ ገበሬዎች አመፅ፣ የላስታን ነገሥታት በታላቅ ወጪ እንሥራ የሚል ምኞት በየውይይቱ ይሰማል። ምኞቱን እኔም እጋራለሁ። የራያ ሰው ከረኃቡ ውጭ ያለው ታሪኩ፣ ሰርጉና ሸንጎው፣ ጀግንነቱና ዕርቁ በታላቅ ሸራ ላይ ሲታይ ማየትን ከእኔ በላይ የሚፈልግ የለም።

ስለዚህም ነው ለወደፊቱ ባለገንዘብ ጥያቄ የማቀርበው። ስንት ፈረስ፣ ስንት ካሜራ፣ ስንት የውጭ ባለሙያ እንደሚያመጣ አልጠይቀውም፤ እርሱን ማስታወቂያው ይነግረናል። የምጠይቀው ሌላ ነው። ፊልሙ ከአዲስ አበባ ሲወጣ በየትኛው በር ይገባል? ወልድያ፣ ቆቦና አላማጣ ላይ የሚታየው የት ነው? ስንት ብር ከፍሎ የሚያይ፣ ስንት ሰው አለ ብለህ ቆጥረሃል? የዚያ ሰው ገንዘብ ወደ አንተ የሚመለሰውስ በማን በኩል ነው? እነዚህን ሳይመልስ የሚጀምር ሰው እንደ «ክሊዮፓትራ» በዓመቱ አንደኛ ወጥቶ ሊከስር ይችላል፤ ከከሰረ ደግሞ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ወጣት ባንክ በር ላይ «የታሪክ ፊልም አያዋጣም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። የአንድ ትልቅ ፊልም ኪሳራ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ያልተሠሩትን አሥር ፊልሞች ይዞ ይሄዳል።

እነዚህን ከመለሰ በኋላ የሚቀሩት ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም አርፍደው የሚገቡት ሽማግሌዎች የሚጠይቋቸው ናቸው። የማን ልጅ ነው? ምን በደሉት?